ፓስፖርቴ ሌላ፣ አፌ ሌላ፤ «ከየት ነሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴም ሐበሻ ነው፤ እዚሁ የተወለደ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ከሁለት ዓመት በፊት ቃለ መሐላ ፈጽሜ የአሜሪካ ዜግነት ወሰድኩ። ሳላስብበት ያደረግኩት አይደለም። ወላጆቼን ማምጣት የምችለው ዜጋ ከሆንኩ ብቻ መሆኑን ስላወቅኩ ነው።

አምና ከልጄ ጋር ለእረፍት አውሮፓ ሄድን። አንድ አየር ማረፊያ ላይ የፓስፖርት ሠራተኛው «ዜግነትሽ?» ሲለኝ ሰማያዊውን ፓስፖርት እያቀበልኩት «ኢትዮጵያዊ» አልኩ። «የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ የታለ?» አለኝ። «የለኝም» ስለው ደግሞ «ልጁስ የማን ነው? ስሙ ከስምሽ ጋር ለምን አይገናኝም?» መጣ። 40 ደቂቃ ያህል ጥግ ላይ ቆምን። ልጄ አለቀሰ። ሮም ከገባን በኋላ ቡና ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ከየት ናችሁ?» ሲሉን እኔ «ከኢትዮጵያ»፣ ልጄ «ከአሜሪካ» አልን፤ እኩል። ሰውዬው ሳቁና «ኢትዮጵያማ የእኛ ነበረች» አሉ። የምመልሰው ጠፋኝ። ማታ ሆቴል ስንገባ ልጄ «እማዬ፣ ለምን ዋሸሽ? አንቺም እኮ አሜሪካዊ ነሽ» አለኝ።

ዘንድሮ ለገና በሮም በኩል አዲስ አበባ ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። ባለቤቴ ሥራ ስላለበት አይመጣም። አባቴ የቀድሞው ጦር አባል ነበሩ፤ «ሀገር እንደ ልብስ አይቀየርም» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዜግነት መቀየሬን እስካሁን አልነገርኳቸውም። እሳቸው እየጠበቁኝ እኔ ቦሌ ላይ ከውጭ ዜጎች ጋር ተሰልፌ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። «ከየት ነሽ?» ለሚለኝ ሁሉ ምን ልበል? እባካችሁ ምከሩኝ።

ስሜ ይቆየኝ፣ ከሜሪላንድ

ምላሽ፦

ውድ እህታችን፣ ከ40 ደቂቃው መቆም ይልቅ የልጅሽ ጥያቄ እንደከበደሽ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር። አልዋሸሽም፤ ልጅሽም አልዋሸም። ሽማግሌው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ እናንተ ግን የሰማችሁት ሁለት ነው። አንቺ «የት ተወልደሽ አደግሽ?» ብለሽ ሰማሽው። እሱ ደግሞ «ቤታችሁ የት ነው?» ብሎ ሰማው። ሁለታችሁም የሰማችሁትን በትክክል መለሳችሁ። ይህንን በዚሁ ቃል ንገሪው፤ የ9 ዓመት ልጅ ይገባዋል።

ያስቸገረሽ ለሁሉም ጠያቂ የሚሆን አንድ መልስ መፈለግሽ ይመስለናል። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ቡና ቤት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ «ሐበሻ ነሽ?» የሚልሽ ልጅና አባትሽ የሚጠይቁሽ ነገር አንድ አይደለም። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

መስኮት ላይ «ዜግነት» ማለት የያዝሽውን ፓስፖርት የሰጠው መንግሥት የቱ ነው ማለት ብቻ ነው። ስለ ልብሽ አልተጠየቅሽም። ሠራተኛው በእጁ የያዘው ፓስፖርት አንድ ነገር ሲል አንቺ ሌላ ስትዪ፣ ሁለተኛ ፓስፖርት ደብቃለች ወይም ይሄ ፓስፖርት የሷ አይደለም ብሎ መጠርጠር ሥራው ነው። ያን ቀን የሆነው ይኸው ነው። ለሚቀጥለው «የአሜሪካ» በይና ዝም በይ። «መጀመሪያውኑስ?» ብሎ ከጨመረ «የተወለድኩት ኢትዮጵያ ነው» ትዪዋለሽ። እስቲ አሁን ፓስፖርትሽን አውጪና ፎቶሽ ያለበትን ገጽ እዪው። የአሜሪካ ፓስፖርት ውጭ አገር ለተወለደ ሰው የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ የአገሩን ስም ያትማል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል እዚያው ሰማያዊው ደብተር ላይ፣ ከፎቶሽ አጠገብ አለ። «የአሜሪካ» ስትዪ የሰረዝሽው ነገር የለም።

አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ ካለ አትጣዪው፤ ኋላ ለምንነግርሽ ጉዳይ የትውልድ ማስረጃ ይሆንሻል። ነገር ግን ከአዲሱ ጋር ደርበሽ መስኮት ላይ አታቅርቢው። ፎርም ስትሞዪ ደግሞ ሦስት የሚምታቱ ቦታዎች አሉ። ዜግነት ላይ ፓስፖርቱን የሰጠው አገር፣ የትውልድ አገር ላይ ኢትዮጵያ፣ የመኖሪያ አገር ላይ አሜሪካ። የልደት ቀን ላይም ብዙ ሐበሻ ይሳሳታል። በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበው ዓመት ሳይለወጥ ከተጻፈ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። አሜሪካ ወሩን ስታስቀድም አውሮፓ ቀኑን ስለሚያስቀድም ደግሞ 7/3 ብለሽ የጻፍሽው ሐምሌ ሳይሆን መጋቢት ተብሎ ይነበባል። ፓስፖርቱ ላይ ወሩ በፊደል ነው የተጻፈው፤ እሱን እያየሽ ሙዪ። ፓስፖርቱ ራሱ ስህተት ካለበት እንኳ ፎርሙ ላይ ከፓስፖርቱ የተለየ ነገር አትጻፊ፤ የሚታረመው ቤትሽ ሆነሽ፣ ከጉዞ በፊት ነው።

የልጁ ስም ነገር ከዚህ የበለጠ ዝግጅት ይፈልጋል፤ በተለይ ዘንድሮ አባቱ አብሯችሁ ስለሌለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅሽ በመጨረሻ ስሙ ላይ የያዘው የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ነው፤ አንቺም አግብተሽ የአባትሽን ስም አልቀየርሽም። ይህንን ለማያውቅ ሰው እናትና ልጅ አትመስሉም። ሠራተኛው የሚፈራው ልጅ ከአንዱ ወላጅ ተሰርቆ እንዳይወጣ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ተገቢ ነው። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ያዢ። አንደኛው ያንቺም የአባቱም ስም ያለበት የልደት ሰርተፍኬት ነው። ሁለተኛው ባለቤትሽ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) ፊት የሚፈርመው የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ላይ የልጁ ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ ያንቺ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የምትሄዱባቸው አገሮች፣ የምትወጡበትና የምትመለሱበት ቀን፣ የባለቤትሽ ስልክ ይኑርበት። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ይበቃል። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅሽ ይሁን። «እኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ነው የሚይዘው፣ ሚስት ስሟን አትቀይርም» የምትለዋን አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ ተለማመጃት። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀው ቋንቋም ይጠፋዋል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ከአፍሽ የወጣው አንደበትሽ ተሳስቶ ይመስልሻል? ወይስ ከመሐላው ቀን ጀምሮ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለብሽ እየተሰማሽ? ይህንን የምንጠይቅሽ ለወቀሳ አይደለም። ቃለ መሐላው ለማንኛውም የውጭ መንግሥትና ገዥ ያለሽን ታማኝነት ትተሽ ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታማኝ እንድትሆኚ ያስምልሻል። ቃሉ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው እጁን አንስቶ ሲደግመው ሆዱ ይባባል። ግን የሚናገረው ስለ መንግሥትና ስለ ታማኝነት ነው። የእናትሽን ቋንቋ፣ የጉለሌን ሰፈርሽን፣ የአያቶችሽን አፅም የሚነካ ቃል የለበትም።

በሕግ በኩል ያለውን ደግሞ ሳንሸፍን እንንገርሽ። የአሜሪካ ሕግ ሌላ ዜግነትሽን እንድትመልሺ አያስገድድሽም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ የኢትዮጵያ ዜጋ አይደለሽም። ማንበቡ ሊያምሽ ይችላል፤ ግን እርግጡን ማወቅ መስኮት ላይ ከመንተባተብ ያድንሻል። ያው ሕግ በሌላ እጁ የሚሰጥሽም አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል፤ ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚለው ነው። ካርዱን ከያዝሽ ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አትጠየቂም። መምረጥና መመረጥ አትችዪም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቀጠርም አትችዪም። ልጅሽም እናቱ የኢትዮጵያ ዜጋ ስለነበረች ማመልከት ይችላል። አሮጌውን ፓስፖርት አትጣዪው ያልንሽ ለዚህ ነው። ለገና ካልደረሰልሽ በቪዛ ግቢ፤ ካርዱን ለሚቀጥለው አድርሺው።

«ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል መሥሪያ ቤት ያወጣው ስም ቢመስልም ለአንቺ የሚያገለግል ነው። «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ትውልዴ ኢትዮጵያ ነው።» ለጉዞ ወዳጅ፣ ለሆቴል ሠራተኛ፣ ለታክሲ ሹፌር ይኸው በቂ ነው። የትኛውን እንደምታስቀድሚ ያንቺ ምርጫ ነው።

የሮሙ ሽማግሌ ክፋት ላይኖራቸው ይችላል፤ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ ጣሊያኖች ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት አባታቸው ወይም አጎታቸው ዘምቶ እንደነበር ብቻ ነው። ቢሆንም ዝም ማለት የለብሽም። መልሱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ተናገሪ። አድዋን 1888 ካልሽ ግራ ይገባቸዋል፤ 1896 ነው የሚያውቁት። ሁለተኛ፣ ጣሊያን እኛን ጨርሶ አልያዘንም ብለሽ አትነሺ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ ነበር፤ ያንን የሚያውቅ ጣሊያን «ተሳስተሻል» ይልሽና ክርክሩ እዚያው ያልቃል። «ከ1936 እስከ 1941 አምስት ዓመት ይዛችሁን ነበር፤ አያቶቻችን ግን ሳይገዙላችሁ በዱር በገደል ተዋግተው አስወጡ» በይ። እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ ስድብ የለበትም።

ሮም ውስጥ ለልጅሽ የምታሳዪውም አለ። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ስሙ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተገደሉት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። መንገደኛው በየቀኑ ይረግጠዋል እንጂ ብዙው ለምን እንደዚያ እንደተባለ አያውቅም። የአክሱም ሐውልትም በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ፊት ለፊት ቆሞ ኖረ፤ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ እንደገና ተተከለ። ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ውሰጂውና «እዚህ ነበር፣ አሁን ቤቱ ነው» በዪው። ልጅሽ «የእኛ ነበረች» ለሚል ሰው የሚመልሰውን ከዚያ ይዞ ይሄዳል።

ስለ 1977ቱ ረኀብ የሚያነሱም አይጠፉም። አትቆጪ፣ ደርሶም ስለ ሕንጻና ስለ አየር መንገድ አትደርድሪ። «ደርሶብናል፣ ብዙ ሰው አልቆብናል» ብለሽ ከተቀበልሽ በኋላ ጨዋታውን ወደምትወጂው ነገር ውሰጂው።

ከራሳችን ሰው ጋር ያለው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተርሚኒ አካባቢ «ሐበሻ ነሽ?» የሚልሽ ሰው ኤርትራዊ ሊሆን ይችላል። ደስ ብሎሽ «እኛ እኮ አንድ ነን» ከማለትሽ በፊት ጥቂት አዳምጪው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነፃነቷን ያወጀች አገር ናት፤ አንቺ በፍቅር ያልሽው ቃል እሱ ጋ ሲደርስ ማንነቱን እንደነፈግሽው ሊሰማው ይችላል። ሰላምታ ተለዋውጠሽ፣ እሱ ራሱን የሚጠራበትን ስም ሰምተሽ በዚያው ጥሪው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ «ብሔርሽ ምንድን ነው?» የሚልሽ ካለ ደግሞ የመመለስ ግዴታ የለብሽም። «ጉለሌ ነው ያደግሁት፤ አንተስ የት ሰፈር ነህ?» ብትዪው አብዛኛው ሰው ፍላጎትሽን ይረዳል። ካልተረዳ «ልጄ ደክሞታል» ብለሽ መሄድ ትችያለሽ።

ልጅሽን በሰው ፊት አታርሚው። «ከአሜሪካ» ሲል «አይደለም፣ ኢትዮጵያዊ በል» ካልሽው ኢትዮጵያዊነትን የሚያውቀው በቁጣ ይሆናል። «አሜሪካ ተወለድኩ፣ እናትና አባቴ ከኢትዮጵያ ናቸው» የሚለውን ከፈለገ እንዲለው አስተምሪውና ተዪው። ከዚያ ይልቅ የሚያኮራው ነገር በእጁ ስጪው። ፊደል ካልቆጠረ እስከ ጉዞው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ አስቆጥሪው። ቡና ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ስሙ ማርኮ ቢሆን ሶፍት ላይ ይጻፍለት፦ የ«መ» አራተኛዋ ማ፣ የ«ረ» ስድስተኛዋ ር፣ የ«ከ» ሰባተኛዋ ኮ። ሦስት ፊደል፣ አንድ ስም። ሰውየው ሶፍቱን አጥፎ ኪሱ ሲከተው ልጅሽ ያያል። አዲስ አበባ ስትደርሱ የአክስት የአጎት ልጆች «ፈረንጅ» ብለው እንደሚጠሩትም አስቀድመሽ ንገሪው። ካልሰማው ቃል ይልቅ የሚያውቀው ቃል ያነሰ ያመዋል።

የቀሩት አባትሽ ናቸው፤ እንቅልፍ የነሳሽም የእሳቸው ነገር ነው። በመጀመሪያ ቦሌ ላይ የትኛው ሰልፍ ላይ እንደቆምሽ አያዩም። የፓስፖርት መስኮቱ ውስጥ ነው፣ ተቀባይ የሚጠብቀው ውጭ ነው። እዚያ የምትፈሪው ነገር የለም። ሌላ ቦታ ግን አለ፤ አንድ ዘመድ ምሳ ላይ «አሜሪካዊ ከሆንሽ በኋላማ…» ብሎ ሊጀምር ይችላል። አባትሽ ነገሩን በሰው ፊት፣ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት የበለጠ የሚጎዳቸው ዜግነቱ ይመስልሻል ወይስ መደበቅሽ? መልሱን ከእኛ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት በስልክ ንገሪያቸው፤ በጽሑፍ መልእክት አይሁን። አሁን በኅዳር በእናንተና በአዲስ አበባ መካከል 8 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብትደውዪ እሳቸው ጋ አሥር ሰዓት ነው፣ ቡና ጠጥተው አረፍ የሚሉበት። አብሯቸው የሚኖር ወንድም ወይም እህት ካለሽ ከዋዜማው ነግረሽ ቤት እንዲውሉ አድርጊ። ነገሩን አታስረዝሚው። «አባዬ፣ አንድ የደበቅኩዎት ነገር አለ። የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ። በግሪን ካርድ ወላጅ ማምጣት አይቻልም፣ በዜግነት ግን ይቻላል፤ እርስዎንና እማዬን አስቤ ነው። ቀድሜ ስላልነገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ።» ይቅርታ የምትጠይቂው ስለመደበቅሽ እንጂ ስለወሰንሽው እንዳልሆነ ልብ በዪ፤ ሁለቱን ካደባለቅሽ እሳቸውም ያደባልቁታል። «ሀገር እንደ ልብስ አይቀየርም» ካሉሽ አትከራከሪያቸው። በዚያ ቃል የወጣትነት ዘመናቸውን የሰጡ ሰው ናቸው። «አልቀየርኩም አባዬ፣ ልጄን ይዤ እየመጣሁ ነው» ብትዪ ይበቃል።

ዝም ሊሉሽ ይችላሉ፤ ስልኩን ቀድመው ሊዘጉም ይችላሉ። በዚያው ቀን ደግመሽ አትደውዪ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደውዪና ስለዜግነቱ ምንም ሳታነሺ የምትገቡበትን ቀንና ሰዓት ንገሪያቸው፤ ከዚያ ስልኩን ለልጅሽ ስጪው፣ አያቱን ምን እንዲያመጣላቸው እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸው።